ማሽኑ ራሱ ከመቆሙ በፊት ማቆም፦ የአንድ መንገድ ፕሮጀክት የጥገና ዕቅድ ማስታወሻ

ሐምሌ 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

ዝናቡ የአፈር ሥራውን አስቁሞታል። ካምፓችን ያለው ከጅማ በስተደቡብ ምዕራብ ነው። በዚህ አካባቢ ክረምቱ ረጅም ነው፤ ቀዩ አፈር አንዴ ውኃ ከጠገበ ሮለር ቀኑን ሙሉ ቢመላለስበትም አይጠቀጠቅም። ዶዘሮቹ፣ ኤክስካቫተሮቹ፣ ግሬደሮቹና ሎደሮቹ ግቢው ውስጥ ተደርድረው ቆመዋል። መንገዱን ለሚሠራው ክፍል ይህ የሞተ ወቅት ነው። ለጋራዡ ግን በዓመት አንዴ የሚመጣ ዕድል ነው፤ በበጋ አንድ ዶዘር ለግማሽ ቀን ማስለቀቅ ምን ያህል ክርክር እንደሚጠይቅ እዚህ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል።

ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣው ትእዛዝ አጭር ነው፦ ለመጪው በጋ የቅድመ መከላከል ጥገና ዕቅድ አዘጋጁ። ዕቅድስ ነበረ። በጋራዡ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ሰንጠረዥ እያንዳንዱ ማሽን በወር አንድ ጊዜ ሰርቪስ እንደሚደረግ ይናገራል። ችግሩም እዚያው ላይ ነው። ማሽን የሚያረጀው በዋናነት በሠራበት ሰዓት እንጂ በቀን መቁጠሪያ አይደለም። የካምፑ ጄኔሬተር ሌሊትና ቀን ከሠራ በ30 ቀን 720 ሰዓት ይሞላል። በየ250 ሰዓቱ ዘይቱ መቀየር ያለበት ሞተር በወር አንድ ጊዜ ብቻ ሲቀየርለት፣ ሁለት ሰርቪስ ገደማ ተዘሎበታል ማለት ነው። በሌላ በኩል፣ አስፋልት እስኪደርስ ተራ የሚጠብቀው የጎማ ሮለር በወር ከ60 ሰዓት በላይ ላይሠራ ይችላል፤ የእሱ ዘይት ገና ሳያገለግል ይደፋል። ሁለቱም በአንድ ሰንጠረዥ ውስጥ እኩል ተይዘዋል።

ሰንጠረዡን ዛሬ ከግድግዳው አንስተነዋል። ሥራው የሚጀምረው የእያንዳንዱን ማሽን እውነተኛ ሰዓት ከማወቅ ነው።

ሐምሌ 10

ሰዓት ቆጣሪዎቹን ስንዞር የዋልነው ዝናብ ላይ ነው። ጥቂት የማይባሉት ሞተዋል። አንዱ ግሬደር ላይ ያለው በሌላ ተተክቶ ከዜሮ እንደገና ጀምሯል፤ አሮጌው የት ላይ እንደቆመ የጻፈ ሰው የለም። ኤሌክትሪሺያኑ ሲፈትሽ አብዛኞቹ ቆጣሪዎች ራሳቸው ደህና ሆነው፣ የተበጠሰው ሽቦ ወይም የዛገው የመሬት ሽቦ ሆኖ ተገኘ። ርካሽ ጥገና ነው። ይህን ያህል ርካሽ የሆነ ነገር ይህን ያህል ዋጋ ያለው መረጃ ደፍኖ መቆየቱ ያሳዝነኛል።

ቆጣሪ ለሌላቸው ማሽኖች ሰዓቱን መልሶ ለመገመት ሁለት መዝገቦች አሉን፤ የኦፕሬተሩ ታይም ሺትና የነዳጅ ማደያ መዝገብ። ታይም ሺቱ ኦፕሬተሩ የዋለበትን ሰዓት ይናገራል፤ ሲኖትራኮቹን ሲጠብቅ የተቀመጠበትም አለበት። ነዳጁ ግን ሞተሩ የደከመበትን ይናገራል። መካከለኛ ሥራ ላይ ያለ ዲ8አር ዶዘር በሰዓት ከ30 እስከ 40 ሊትር ገደማ ናፍታ ይጠጣል። የወጣለትን ናፍታ በዚህ ስናካፍል የምናገኘው ቁጥር ከታይም ሺቱ በጣም ያነሰ ከሆነ ማሽኑ ቆሞ ሲያጓራ ውሏል፤ በጣም ከበለጠ ደግሞ ወይ ድንጋይ ሲፈነቅል ከርሟል፣ ወይ ነዳጁ ሌላ ቦታ ሄዷል። ሁለተኛው የእኔ ሥራ ባይሆንም ሥራ አስኪያጁ እንዲያየው መዝገቡን ሰጥቻለሁ።

ዛሬ የተወሰነው ሕግ ለእኔ ከሙሉ ዕቅዱ ይበልጣል። ነዳጅ አዳዩ ለማንኛውም ማሽን ናፍታ ከመቅዳቱ በፊት የሰዓት ቆጣሪውን ንባብ ይጽፋል። ንባብ ከሌለ ናፍታ የለም። ነዳጅ የማይቀዳ ማሽን ስለሌለ፣ ማንንም ሳንለምን በየቀኑ የሁሉም ሰዓት ይደርሰናል።

ሐምሌ 18

የመጀመሪያውን ዲ8 ዶዘር ከፈትነው። ከመክፈቱ በፊት ማጠቡ ጠዋቱን ሙሉ ወሰደ። የካቴናው ውስጥ፣ ካቴናው የሚሄድባቸው ሮለሮችና የፋይናል ድራይቩ (ካቴናውን የሚያዞረው የመጨረሻው የጥርስ ሳጥን) ዙሪያ በቀይ ጭቃ ተደፍኖ፣ ጭቃውም ደርቆ፣ በመዶሻ ካልሆነ የማይላቀቅ ሆኗል። ጭቃ ክብደት ብቻ አይደለም። በካቴናው ፍሬዎችና በጥርሱ መካከል ሲጠቀጠቅ ካቴናውን ይወጥረዋል፤ የተወጠረ ካቴና ደግሞ ፒኑን፣ ቡሹንና ጥርሱን ይበላል፣ የሞተሩንም ጉልበት ይሰርቃል። ለዚህ ነው የካቴና ውጥረት የሚስተካከለው ታጥቦ በጠራ ማሽን ላይ ሳይሆን፣ የሚሠራበት ጭቃ እንዳለበት ነው የሚባለው። የካቴና ማሽን ላይ እግሩ (ካቴናው ከነሮለሮቹና ከነጥርሱ) ብቻ ከጥገና ወጪው ግማሽ ያህሉን ሊወስድ ስለሚችል፣ ኦፕሬተሩ ማታ ማታ በአካፋ የሚያነሳት ጭቃ ትልቅ ገንዘብ ናት።

ዋና መካኒካችን በአለምገናው የመንገድ ማሠልጠኛ የተማሩ፣ ዕድሜያቸውን በዶዘር ሥር ያሳለፉ ሰው ናቸው። ወጣቶቹ የግራውን ፋይናል ድራይቭ መድፊያ ቡሎን ሊያወጡ ሲሉ፣ «ቀስ አድርገህ አላላው፤ መጀመሪያ የሚወጣውን ማየት እፈልጋለሁ» አሉ። ቡሎኑ ሲላላ መጀመሪያ የወጣው ውኃ ነበር። ከዚያ ነጣ ብሎ የደፈረሰ ዘይት ተከተለ። ማግኔቱ ላይ የተጣበቀውን ጥቁር ቅባት በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መካከል አሹት፤ ከዚያም እጃቸውን ወደ ብርሃን አዙረው ለወጣቱ አሳዩት። የለሰለሰ ዝቃጭ ቢሆን የተለመደ መበላት ነው። እዚህ ውስጥ ግን እንደ ዓሣ ቅርፊት የሚያብረቀርቁ ስስ ቁርጥራጮች አሉ።

«ኩሽኔታው (ቤሪንጉ) መላጥ ጀምሯል ጋሼ?» አለ ልጁ።

«ኩሽኔታ ይሁን ጥርስ ስንከፍተው እናያለን። ውኃው የገባው ግን በሲሉ ነው።»

የፋይናል ድራይቭ ሲል ፊት ለፊት የሚሽከረከሩ ሁለት የብረት ቀለበቶች ናቸው፤ ከኋላቸው የላስቲክ ቀለበት ይገፋቸዋል። ዘይቱን ውስጥ፣ ጭቃውን ውጭ የሚይዘው የሁለቱ ብረቶች የተስተካከለ ፊት ነው። ዙሪያው የደረቀ ጭቃ ላስቲኩን ሲገፋ፣ ወይም የተጠቀለለ ሽቦ ሲገባበት ያ ፊት ይከፈታል። ይህ ዶዘር በዚህ ሁኔታ ታኅሣሥ ላይ ቢሰማራ ኖሮ ጥር ሳይጋመስ ቆረጣ መሀል ላይ ይቆም ነበር። ማሽን የሚጭነው ሎቤድ መኪና የማይደርስበት ቦታ ላይ ፋይናል ድራይቭ መፍታት ምን እንደሚመስል ጋራዡ ውስጥ የማያውቅ የለም።

የዘይት ናሙና ከሁሉም ማሽን መውሰድ ጀምረናል። ሞተሩ ሠርቶ ዘይቱ ሲሞቅና ሲዋሃድ፣ በንጹህ ጠርሙስ፣ ከመቀየሩ በፊት። ጠርሙሱ ላይ የማሽኑ ቁጥር፣ የማሽኑ ሰዓትና ዘይቱ የሠራበት ሰዓት ይጻፋል። የዘይቱ ሰዓት ካልተጻፈ ውጤቱን መተርጎም አይቻልም፤ በ50 ሰዓት የታየ ብረትና በ250 ሰዓት የታየ ብረት አንድ አይደሉም።

ሐምሌ 24

ሰኞ ዕለት፣ ሐምሌ 22፣ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን አደረገ። በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ቀን 74 ብር ገደማ ሆነ። የመለዋወጫ አቅራቢዎች ባለፈው ሳምንት የላኩልንን ፕሮፎርማ አንስተዋል። ወዴት እንደሚሄድ የሚናገር የለም።

ስለዚህ ሁሉንም ማሽን እኩል ማከም አይቻልም፤ ቅደም ተከተል ያስፈልጋል። ለእያንዳንዱ ማሽን የጠየቅነው ይህን ነው፦ እሱ ሲቆም ከእሱ ጋር ማን ይቆማል? አንድ ግሬደር ሲቆም የውኃ ቦቴው፣ ሮለሩ፣ ማቴሪያል የሚያመላልሱት ሲኖትራኮች በሙሉ ይቆማሉ። አንድ ሲኖትራክ ሲቆም ሌሎቹ ይቀጥላሉ። የክሬሸሩ (የድንጋይ መፍጫው) ጄኔሬተር ሲቆም የድንጋይ ካባው በሙሉ ይዘጋል፤ ተተኪም የለውም። በዚህ መለኪያ ግሬደሮቹ፣ የክሬሸሩ ጄኔሬተርና የካባው ሎደር ከላይ ሆኑ። ዋጋው ከሁሉም የሚበልጠው ዲ8 ግን ሁለተኛ ረድፍ ላይ ነው፤ ሁለት ስለሆነ። ይህ ውጤት አንዳንዱን ሰው አስገርሟል። እኔ ትክክል ይመስለኛል።

ፍሬንና መሪን የሚመለከት ብልሽት ከዚህ ቅደም ተከተል ውጭ ነው፤ የማንኛውም ማሽን ቢሆን የዚያኑ ዕለት ይሠራል። ቁልቁለቱ ላይ የሚወርዱት ሾፌሮች ሕይወት ለድርድር አይቀርብም።

ነሐሴ 8

የላቦራቶሪው ውጤት ከአዲስ አበባ መጣ። አብዛኛው ደህና ነው። የካባው ሎደር ሞተር ዘይት ላይ ሲሊኮንም ብረትም አብረው ከፍ ብለዋል። ሲሊኮን አቧራ ነው፤ ከብረት ጋር አብሮ ሲወጣ አቧራው በአየር መስመሩ በኩል ገብቶ ሲሊንደሩንና የፒስቶኑን ፋሻ እየፋቀ ነው ማለት ነው። የአየር ፍልትሮው አዲስ ነበር። መስመሩን በእጅ ስንከተል፣ ከፍልትሮው ቤት ወደ ተርቦ የሚሄደው የላስቲክ ቱቦ ማሰሪያ ላልቶ አገኘነው፤ ከሥሩም የአቧራ ዱካ ተስሏል። ማጥበቂያው የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ሞተሩ በዚሁ ቢቀጥል የሚጠብቀው ሙሉ እድሳት ነበር።

የዘይት ፍልትሮዎችንም ሳንቆርጥ አንጥልም። ቆርቆሮው ሲቆረጥና ወረቀቱ ሲዘረጋ የሞተሩን ሁኔታ ላቦራቶሪው ከሚያየው በተጨማሪ ያሳያል፤ ላቦራቶሪው የሚለካው ደቃቁን ብረት ነው፣ ትልልቁ ቁራጭ ፍልትሮው ላይ ይቀራል። ማግኔት የሚያነሳው ብረት ነው፤ የማያነሳውና ቢጫ የሆነው ከብሮንዚ ሊሆን ይችላል።

የዲ8ቱ ፋይናል ድራይቭ ተፈቷል። አንደኛው ኩሽኔታ ተልጧል፤ ጥርሶቹ ግን ተርፈዋል። ሲልና ኩሽኔታ ብቻ ይገዛል። ዋጋው በዶላሩ ምክንያት ከፍ ቢልም፣ ጥርስ ተሰብሮ ከሚመጣው ጋር ሲወዳደር ዕዳው ቀላል ነው።

ነሐሴ 25

ዕቅዱ ቅርጽ ይዟል። መሠረቱ 250 ሰዓት ነው። በ250 የሞተር ዘይትና ፍልትሮ፤ በ500 የነዳጅ ፍልትሮዎች ይጨመራሉ፤ በ1,000 የካምቢዮ ዘይት፤ በ2,000 የሃይድሮሊክና የፋይናል ድራይቭ ዘይት። አንዳንዶቹ አዳዲስ ሞተሮች የሞተር ዘይቱን እስከ 500 ሰዓት መጠቀም ይፈቅዳሉ፤ ሒሳብ ክፍሉም ይህን አንብቦ ለምን አትቆጥቡም ብሎናል። ፈቃዱ የተሰጠው ግን የሰልፈር መጠኑ ዝቅተኛ ለሆነ ናፍታ ነው። ሰልፈር ሲቃጠል አሲድ ይፈጥራል፤ ዘይቱ ውስጥ ያለው አሲድ የሚያከሽፍ ቅመም ደግሞ ይጨረሳል። የምንቀዳውን ናፍታ ጥራት በእርግጠኝነት እስካላወቅን፣ በተከታታይ ናሙናም እስካላየን ከ250 አንወጣም።

የበጋው ሥራ ለአንድ ግሬደር በወር 250 ሰዓት ገደማ ቢሰጥ፣ በአራት ወር 1,000 ሰዓት ነው። ይህም ማለት አራት የሞተር ዘይት ቅያሬ፣ ሁለት ጊዜ የነዳጅ ፍልትሮ፣ አንድ ጊዜ የካምቢዮ ዘይት። ይህን ለሁሉም አባዝተን ስቶሩ ማወቅ ያለበትን ዝርዝር አወጣን። ፍልትሮዎቹ በየማሽኑና በየሰርቪሱ አንድ ላይ ታሽገው መደርደሪያ ላይ ይቀመጣሉ፤ ጓርኒሲዮኑም (ጋስኬቱም) አብሮ። ሰርቪስ የሚዘገየው ብዙውን ጊዜ መካኒክ ጠፍቶ ሳይሆን አንዲት ትንሽ ዕቃ ጠፍታ ነው።

አንድ ነገር ሊያመልጠን ጥቂት ቀርቶት በወረቀት ላይ ታየ። ክረምት ላይ ሁሉንም ማሽን ሰርቪስ አድርገን ኅዳር ላይ አብረን ብናሰማራቸው፣ ሁሉም 250 ሰዓት የሚሞሉት በአንድ ሳምንት ነው። ጋራዡ የዚያን ሳምንት ይታነቃል፣ መንገዱም ይቆማል። ስለዚህ ግማሾቹ የመጀመሪያ ሰርቪሳቸውን በ125 ሰዓት ያገኛሉ፤ ከዚያ በኋላ በመደበኛው ይቀጥላሉ። ጥቂት ዘይት ቀድሞ ይደፋል፤ ወረፋው ግን እስከ በጋው መጨረሻ ይበተናል።

መስከረም 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኦፕሬተሮቹ ከዕረፍት እየተመለሱ ነው። ዶላሩ ከ100 ብር አልፏል፤ የታዘዘው ፍልትሮ ግን አብዛኛው ገብቷል።

ሥልጠናውን ጋራዡ ውስጥ፣ ማሽኖቹ አጠገብ አደረግነው። ብዙ ጊዜ የወሰደው የአየር ፍልትሮ ነው። በኮምፕሬሰር ከውጭ ወደ ውስጥ በሙሉ ኃይል መንፋት የተለመደ ነው፤ ይህ አቧራውን ወረቀቱ ውስጥ ይቀብረዋል፣ ወረቀቱንም ይበሳዋል። መነፋት ያለበት ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ግፊቱም ከ2 ባር ባልበለጠ ነው። ከዚያ ውስጡ መብራት አብርቶ ወረቀቱን ዙሪያውን ማየት፤ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ብርሃን ከታየች መጣል ነው። ውስጠኛው ትንሹ ፍልትሮ ፈጽሞ አይነፋም፤ ይቀየራል። አንድ የግሬደር ኦፕሬተር «ኢንጂነር፣ እኛ እኮ ጠዋት ጠዋት ነበር የምንነፋው» አለ። መልሱ የፍልትሮውን መዘጋት የሚያሳየው ጠቋሚ ቀይ ሳያሳይ መክፈት አያስፈልግም ነው፤ ፍልትሮው በተከፈተ ቁጥር አቧራ የመግቢያ ዕድል ያገኛል።

ለመካኒኮቹ ደግሞ የነዳጅ ፍልትሮ። አዲሱን ሁለተኛ ፍልትሮ በጆግ ናፍታ ሞልቶ መግጠም ሞተሩን ቶሎ ያስነሳል፤ ነገር ግን ያ ናፍታ በየትም አልተጣራም፣ ቀጥታ ወደ ኢንጄክተሩ ነው የሚሄደው። በእጅ ፖምፓው መሙላት ይድከም እንጂ ትክክሉ እሱ ነው። በርሜሎቹም ከእንግዲህ ከተራገፉ በኋላ አንድ ቀን ሳይረጉ አይቀዱም፤ መሳቢያ ቱቦውም ታችኛውን ዝቃጭ እንዳይነካ አጥረን ቆርጠነዋል።

ኅዳር 13

ሥራው ተጀምሯል፤ የተፈራውም ክርክር መጣ። አንደኛው ግሬደር 250 ሰዓቱን ሞላ። የሳይቱ መሐንዲስ የተዘረጋ ሴሌክት ማቴሪያል (ለመንገዱ የተመረጠ አፈር) አለኝ፣ ዝናብ ሳይመታው ካላስተካከልኩት ይበላሽብኛል ይላል። ማቴሪያሉን ሄጄ አየሁት፤ እውነቱን ነው። ጋራዡም እውነቱን ነው።

የተስማማነው እንዲህ ነው። የሰርቪሱ ሰዓት ወደፊትም ወደኋላም 25 ሰዓት መንሸራተት ይችላል፤ ከዚያ ካለፈ ማሽኑ ያለ ፕሮጀክት ሥራ አስኪያጁ ፊርማ አይሠራም። በዚህ ክልል ውስጥ ቀኑን የሚመርጠው የሥራው ክፍል ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሁለቱ ክፍሎች ሰዎች ተቀምጠው፣ ነዳጅ አዳዩ ያመጣውን ንባብ አይተው፣ የሚቀጥለውን ሳምንት ማቆሚያዎች ይወስናሉ። ለእኔ የቅድመ መከላከል ጥገና ዕቅድ ማለት ይህ ስብሰባ ነው። የሰዓቱን ሰንጠረዥ ማንም ከመመሪያው መጽሐፍ ሊገለብጠው ይችላል፤ ማሽኑን በቀኑ የሚያስለቅቀው ግን ቀኑን ራሱ የመረጠ መሐንዲስ ነው።

ግሬደሩ ቅዳሜ ማታ ማቴሪያሉን ጨርሶ ገባ። የታሸገው ዕቃ ተዘጋጅቶ ስለጠበቀው እሑድ ረፋድ ላይ ሰርቪሱ አለቀ።

ታኅሣሥ 11

ኤክስካቫተሩ ላይ የሃይድሮሊክ ቱቦ ፈነዳ። ዕቅድ ውስጥ አልነበረም። ቱቦው ከቡሙ (ከማሽኑ ትልቅ ክንድ) ጠርዝ ጋር ሲፋተግ የውጭ ላስቲኩ አልቆ ሽቦው ወጥቷል፤ የዕለት ምርመራ ቅጹ ላይ «ቱቦዎች» የሚል መስመር አለ፣ ምልክትም ተደርጎበታል። ኦፕሬተሩን ጠርተን አነጋገርነው። ቱቦውን ያያል፤ ከታች ቆሞ ነው የሚያየው፣ የተፋተገበት ጎን ግን ከላይ ነው። ቅጹን ቀይረን «ቡሙን መሬት አስተኝቶ ከላይ ማየት» ብለን ጻፍንበት፤ ሁሉም ኤክስካቫተሮች ላይ የሚፋተጉት ቦታዎች በቀይ ቀለም ተቀብተዋል። ለየመጠኑ አንድ አንድ መጠባበቂያ ቱቦም ስቶር እንዲገባ ታዟል።

የተከራየናቸው ማሽኖች አሁንም ከዕቅዱ ውጭ ናቸው። ባለቤቶቻቸው በሰዓት ነው የሚከፈላቸው፤ ቆሞ የሚውል ሰርቪስ ገቢያቸውን ይነካል። የእነሱ ዶዘር ሲቆም ግን የሚቆመው የእኛ ሥራ ነው። በሚቀጥለው ውል ላይ የሰርቪስ ማቆሚያ ሰዓት የተወሰነ ክፍያ እንዲኖረው ሐሳብ አቅርቤያለሁ። ሕግ ክፍሉ እያየው ነው።

የጠገንነው ዲ8 የፋይናል ድራይቭ ዘይት ዛሬ ታየ፤ ጠርቷል፣ ማግኔቱም ላይ የለሰለሰ ዝቃጭ ብቻ ነው። የሁለተኛው ዲ8 ናሙና ሰኞ ለሰርቪስ ሲቆም ይወሰዳል። ቅዳሜ ዕለት የሳይቱ መሐንዲስ ማክሰኞን መርጦለት ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ደውሎ ማክሰኞ ካባው ላይ ፍንዳታ ስላለ ሰኞ ይሻለኛል ብሎ ነው የተቀየረው። ስቶር ክፍሉ የ500 ሰዓቱን ዕቃ እሑድ ማታ እንዲያወጣ ተነግሮታል።